ታራንቱላዋ አልበላ ስትል መጀመሪያ ሆዷን ይዩ

ፌንጣው ከሳጥኑ ጥግ ወደ ጥግ እየዘለለ ያድራል፤ ታራንቱላዋ፣ በቤት የሚያኖሯት ጠጉራም ትልቅ ሸረሪት፣ ንቅንቅ አትልም። ጀርባዋ ላይ ወጥቶ ሲወርድ እንኳ አንድ እግሯን ሰብሰብ ታደርጋለች እንጂ ዞር ብላ አታየውም። እንዲህ ሲሆን የባለቤቱ ሐሳብ ወዲያው ወደ በሽታ ይሄዳል። የታራንቱላ ጾም ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ ወይ ጠግባለች፣ ወይ ቆዳዋን ልትለውጥ ነው፣ ወይ ቤቷ አልተመቻትም። በሽታ የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው።

ከጾሙ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳት የሰው ድንጋጤ ነው። እምቢ አለች ተብሎ ሳጥኑ ይሞቃል፣ ውሃ ይረጭባታል፣ አፈሩ ይቀየራል፣ በየቀኑ አዲስ ፌንጣ ይጣልላታል። እያንዳንዱ ለብቻው ሌላ ሁለት ሳምንት ሊያስጾማት ይችላል። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ሆዷን፣ የውሃ ሳህኗን፣ መጨረሻ ቆዳ የለወጠችበትን ቀን።

ሆዷ ምን ይላል

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» የሚባለው ለሰው ነው፤ ታራንቱላ የሆዷን በሆዷ አትይዝም። አካሏ ሁለት ክፍል ነው። እግሮቿ የተተከሉበት የፊተኛው ክፍል ከላይ በጠንካራ ጋሻ ተሸፍኗል፤ ይህ ጋሻ ከአንዱ የቆዳ ለውጥ እስከሚቀጥለው አይሰፋም፣ አይጠብም። የኋለኛው ክፍል ማለትም ሆዷ ግን ለስላሳና የሚለጠጥ ነው፤ ስትበላ ይነፋል፣ ስትጾም ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ስለዚህ ጋሻው እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። ከላይ ቀጥ ብለው ይመልከቱና የሆዷን ስፋት ከጋሻው ስፋት ጋር ያወዳድሩ።

ሆዷ ከጋሻው ጋር እኩል ከሆነ ወይም እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ከደረሰ ጤነኛ ናት፤ ብትጾምም የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ወደ ሁለት እጥፍ ከተጠጋ ከመጠን በላይ ጠግባለች። እንዲህ ያለችው ሸረሪት ምግብ እምቢ ስትል ለራሷ እየበጀች ነው፤ የተወጠረ ሆድ ከትንሽ ከፍታ ወድቆም ይፈርጣልና። ሆዷ ከጋሻው ካነሰ ቀጭን ናት፣ ክትትል ይገባታል። ከማነሱም ሌላ የተጨማደደ ወይም ጎኑ የጎደጎደ ከሆነ የጎደላት መጀመሪያ ምግብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ በቀጥታ ከዚህ በታች ወዳለው ስለ ውሃ ወደሚያወራው ክፍል ይሂዱ።

በዓይን ግምት አይተማመኑ። በየቀኑ የሚያዩት ነገር ሲከሳም ሲወፍርም አይታወቅም፣ የጨነቀው ሰው ደግሞ ሁሌም የከሳ ይመስለዋል። በየሁለት ሳምንቱ በስልክ ከላይ አንድ ፎቶ ያንሱና የዛሬውን ከሁለት ወር በፊት ከነበረው ጎን ለጎን ያድርጉት። ልዩነት ካልታየ እየተራበች አይደለም። ዝም ብላ የተቀመጠች ታራንቱላ የምታቃጥለው ጉልበት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ባለፈው ወር የበላችውን ገና አልጨረሰችም ማለት ነው።

እስከ መቼ ይጠበቃል? ያደገችና ሆዷ ጥሩ የሆነ ታራንቱላ ሦስትና አራት ወር ብትጾም የተለመደ ነው። የቺሊ ሮዝ ተብለው የሚታወቁት ግራሞስቶላ ሮዜያና ግራሞስቶላ ፖርቴሪ ደግሞ በዚህ ነገር ስም ያወጡ ናቸው፤ አንድም የሚታይ ምክንያት ሳይኖር ከዓመት በላይ ጾመው፣ አንድ ቀን ምንም እንዳልተፈጠረ የመጣላቸውን ፌንጣ ይይዛሉ። የቺሊ ሮዝ ይዞ በሁለተኛው ወር መጨነቅ ልፋት ነው። የጨቅላዎቹ ነገር ይለያል። የእግራቸው ስፋት (ከአንዱ እግር ጫፍ እስከ ተቃራኒው እግር ጫፍ) 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር የሆኑት ስንቃቸው ትንሽ ነው፣ ቶሎም ይደርቃሉ፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ካልበሉ ሆዳቸውንና የአፈራቸውን እርጥበት በየሁለት ቀኑ ማየት ያስፈልጋል። ይሁንና እነሱም ቆዳ ከመለወጣቸው በፊት ይጾማሉ፤ የሚለውጡትም ቶሎ ቶሎ ነው።

ቆዳ ልትለውጥ ከሆነ

ከጥጋብ ቀጥሎ ትልቁ የጾም ምክንያት ይህ ነው። ታራንቱላ የምታድገው የላይኛውን ሽፋኗን በሙሉ አውልቃ በመጣል ነው። ጨቅላዎች በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ፣ ያደጉ ሴቶች በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ይለውጣሉ። ከዚያ በፊት የሚቆየው ጾም በጨቅላዋ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት፣ በትልቋ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን በአንድ ላይ አይታዩም። ቀለሟ ይደበዝዛል፣ አቧራ የጠጣች ትመስላለች። እንቅስቃሴዋ ይቀንሳል። በጉድጓድ የምትኖር ከሆነ በሩን በአፈርና በድር ትደፍነዋለች፤ ይህን ጊዜ ከፍቶ ማየት ክልክል ነው፣ በሩን የዘጋችው አትምጡብኝ ስትል ነው። ከሁሉም የሚታመነው ምልክት ግን ሆዷ ላይ ነው። ብራኪፔልማን የመሰሉ የአሜሪካ አህጉር ዝርያዎች አሳካኪ ጠጉራቸውን በኋላ እግራቸው እየፈተጉ ሲበትኑ ሆዳቸው ላይ ራሰ በራ ቦታ ይወጣል። ያ ቦታ በተራው ጊዜ የሥጋ መልክ ያለው ወይም ሮዝማ ነው። ቆዳ መለወጫው ሲቃረብ ከሥር የበቀለው አዲስ ጠጉር በስሱ ሽፋን ውስጥ ስለሚታይ ቦታው መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ እንደ ቀለም ጠርሙስ ጥቁር ይሆናል፤ ሆዱም ተወጥሮ ያብረቀርቃል። ይህን ካዩ ምግብ መስጠቱን እዚያው ያቁሙ። ሆዷ ላይ ራሰ በራ ቦታ የሌላት ከሆነች በቀለሟ መደብዘዝና በመጨረሻ ለውጧ ቀን ይገምቱ።

ቀኑ ሲደርስ መሬት ላይ የድር ምንጣፍ ታነጥፍና በጀርባዋ ትተኛለች። ስምንት እግሯን ወደ ላይ አንስታ የተንጋለለችን ታራንቱላ ሞታለች ብሎ የቀበረ ሰው ብዙ ነው። ልዩነቱ ቀላል ነው፦ በጀርባዋ ከሆነች ቆዳ እየለወጠች ነው፤ በሆዷ ቆማ እግሮቿ ከሥሯ እንደ ጡጫ ከተጨበጡ ግን አደጋ አለ። ጨቅላዋ ሥራውን በግማሽ ሰዓት ትጨርሳለች፤ ትልቋ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ትወስዳለች። በዚህ ጊዜ አይንኳት፣ አይገልብጧት፣ ሳጥኑን አያንቀሳቅሱ፣ ውሃ አይርጩባት። ማድረግ ያለብዎት ነገር ካለ ቀደም ብሎ የውሃ ሳህኗን ሞልቶ ጥቂት ወደ አፈሩ እንዲፈስ ማድረግ ብቻ ነው።

ከለወጠች በኋላም ወዲያው አትበላም፤ ብትፈልግም አትችልም። የመርዝ ጥርሶቿ እንደ ሌላው አካሏ ለስላሳ ናቸው፤ መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ ቀይ፣ በመጨረሻ ጥቁር ይሆናሉ። መስታወቱ ላይ ወጥታ ስታርፍ ባትሪ አብርተው ከሥር ይመልከቷቸው። ጥቁር ካልሆኑ ምግብ አይስጡ፤ የሚዘል ፌንጣ ለስላሳዋን ሸረሪት ሊነክሳትና ሊገድላት ይችላል። በግምት ለጨቅላ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ለመካከለኛ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ላደገች 2 ሳምንት፣ ቴራፎሳ ብሎንዲን ለመሰለች ግዙፍ ደግሞ 3 ሳምንት ያህል ይጠብቁ። ከዚያም በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት የምታመነታ አለች።

የጣለችውን ቆዳ አይጣሉት። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምረው ጥቂት ደቂቃ ይንከሩት፣ ከዚያ በወረንጦ በጥንቃቄ ይዘርጉት። ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው ጥርሶቹ ሁለቱም ሙሉ ሆነው መውጣታቸው ነው። ሁለተኛው ከጋሻው ሥር መሀል ላይ የምትገኝ ትንሽ ነጣ ያለች ቁራጭ ናት፦ የመምጠጫ ጨጓራዋ ውስጠኛ ሽፋን። ታራንቱላ የውጭ ቆዳዋን ብቻ ሳይሆን የጉሮሮዋንና የዚህን ጨጓራ ሽፋንም ነው የምትለውጠው። ይህ ሽፋን ውስጥ ተጣብቆ ከቀረ ፌንጣውን ትይዛለች፣ ታላምጣለች፣ መዋጥ ግን አትችልም፤ ሳትጨርስ ትጥለዋለች። ከቆዳ ለውጥ በኋላ ምግብ እየያዘች ደጋግማ የምትጥል ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ አለ። እንደ አለመታደል ከውጭ የሚደረግላት ነገር የለም፤ ውሃዋ እንዳይጎድል እያደረጉ የሚቀጥለውን ለውጥ መጠበቅ ነው።

ቤቷ ያስጾማት እንደሆነ

አዲስ ሳጥን የገባች ታራንቱላ ለመጀመሪያው ሳምንት ምግብ አይሰጣትም። ቦታውን መልመድ፣ ድር መዘርጋት፣ መደበቂያዋን መያዝ አለባት። ሁለት ሳምንት ብትጾም አይገርምም፣ ወር የምትቆይም አለች። በዚህ መሀል «አልተመቻትም» ብሎ ቤት መቀየር ቆጠራውን ከአንድ እንደ መጀመር ነው።

አለመመቸቱን የሚያሳየው አቀማመጧ ነው። መሬት ላይ የምትኖር ዝርያ ሆና ቀንና ሌሊት ግድግዳ ላይ የምትንጠለጠል ከሆነ፣ ወይም እግሮቿን ከአፈሩ አንስታ የውሃ ሳህኑ ጠርዝና መደበቂያው ላይ ብቻ የምትቆም ከሆነ አፈሩ ከመጠን በላይ እርጥብ ነው። ይህ እንደ አፈር በሚነጠፍ አዲስ የኮኮናት ብናኝ ላይ ያለማቋረጥ የሚፈጠር ስህተት ነው። ብናኙ በውሃ ተነፍቶ ይገባል፣ ሰው ይደርቃል እያለ ሳይደርቅ ሸረሪቷን ያስገባል። ለደረቅ አገር ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ለግራሞስቶላና ለአብዛኞቹ ብራኪፔልማ፣ አፈሩ በእጅ ሲጨበጥ የማይያያዝ መሆን አለበት። ቴራፎሳን የመሰሉ እርጥበት ወዳዶች ግን ከሥር ረጠብ ያለ አፈር ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ ደግሞ ላዩን ከመርጨት በአንድ ማዕዘን ውሃ አፍስሶ ወደ ታች እንዲሰርግ መተው ይሻላል። የዝግባና የጥድ ፍቅፋቂ በምንም ምክንያት አይነጠፍም፤ የእንጨቱ ሙጫና ሽታ ይመርዛታል።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ወለሉ የእግሯን ስፋት ሦስት እጥፍ ያህል ከሆነ ይበቃል። ከዚያ እጅግ የሰፋ ሳጥን ጨቅላዋን የሚጎዳት በስፋቱ ሳይሆን ምግቧን ስለማታገኘው ነው። የታራንቱላ ዓይን ደካማ ነው፤ ምግቧን የምታውቀው በመሬቱ ንዝረት ነው፣ ሩቅ ጥግ ላይ ዝም ያለ ፌንጣ ለእሷ የለም። ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ከፍታ ደግሞ ለመሬት ኗሪዎች ከእግራቸው ስፋት ከአንድ ተኩል እጥፍ አይብለጥ። ዛፍ ላይ ለሚኖሩት ለካሪቤናና ለፖይሲሎቴሪያ ነገሩ ይገለበጣል፦ ሳጥኑ ቁመት ይኑረው፣ ቆሞ የተደገፈ የዛፍ ቅርፊት ይግባበት፣ በጎንና በጎን የአየር ቀዳዳ ይኑር። ካሪቤና በታመቀና በረጠበ አየር ውስጥ መጾም ብቻ ሳይሆን ትሞታለች።

ሙቀት ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ጥሩ ነው፤ ሰው ሹራብ ሳይለብስ የሚቀመጥበት ክፍል ይበቃቸዋል። ከ18 በታች ሲወርድ የሰውነቷ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ትጾማለች፤ ክፍሉ ሲሞቅ ትመለሳለች። መብራት አናቷ ላይ መስቀል ያደርቃታል። ከሳጥኑ ሥር የማሞቂያ ምንጣፍ ማንጠፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሸረሪት ሙቀት ሲበዛባት የምታውቀው ማምለጫ ወደ ታች መቆፈር ነው፣ ስትቆፍር ይበልጥ ወደ እሳቱ ትቀርባለች። የግድ ካስፈለገ በሳጥኑ ጎን ይለጠፍና ሙቀት መቆጣጠሪያ ይገጠምለት።

ሳጥኑ የት እንደተቀመጠም ይመልከቱ። የድምፅ ማጉያ፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ በኃይል የሚዘጋ በር አጠገብ ያለች ሸረሪት ቀኑን ሙሉ የጠላት ኮቴ እንደምትሰማ ናት።

ምግቡና አሰጣጡ

ታራንቱላዋ ጤነኛ፣ ቤቷም የተስተካከለ ሆኖ አሰጣጡ የሚያስፈራት ጊዜ አለ። ደንቡ ይህ ነው፦ የምግቡ ርዝመት ከሆዷ ርዝመት አይብለጥ። ትልቅ ፌንጣ በደንብ የምትበላዋን ሸረሪት እንኳ ያሳድዳታል። ከተጠራጠሩ ሁልጊዜ ትንሹን ይምረጡ።

ሲመሽ ይስጡ፣ የክፍሉን መብራት ያደብዝዙ። ጫፉ ላስቲክ ያለው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ወረንጦ ይጠቀሙ፤ በባዶ ብረት ላይ የተወረወረች ታራንቱላ ጥርሷን ልትሰብር ትችላለች፣ ያ ሲሆን ደግሞ በእርግጥም አትበላም። ፌንጣውን ከፊቷ ጥቂት ርቀት ላይ ይልቀቁትና ዞር ብለው ይዩ። እምቢታዋ ይነበባል። የፊት እግሯን ቀስ ብላ አንስታ ፌንጣው ወደ ተንቀሳቀሰበት ካዞረች ፍላጎት አላት፣ ይተዉላት። ፌንጣው ሲነካት እንደተቃጠለ ሰው እግሯን ቀጨም አድርጋ ሰብስባ ከሸሸች አልፈለገችም። ፊተኛ እግሮቿን ወደ ላይ ሰቅላ ጥርሷን ካሳየች ተቆጥታለች። ከሸሸች ወይም ከተቆጣች ፌንጣውን ወዲያው ያውጡት።

ሌላውን ጊዜ ፌንጣው ሊያድር ይችላል፣ ከ24 ሰዓት በላይ ግን አይቆይ። የተራበ ፌንጣ በጀርባዋ የተኛች ታራንቱላን ይበላል፤ ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፣ ብዙ ሸረሪት ያለቀው በዚህ ነው። የዱቄት ትል የሚሰጡ ከሆነ ጭንቅላቱን ቀድመው ይጨፍልቁት፤ አለዚያ በሰከንዶች ውስጥ አፈር ገብቶ ይጠፋል፣ እርስዎ «በላች» ብለው ይመዘግባሉ። ዱቢያ በረሮም ሲነኩት የሞተ መስሎ ይተኛል ወይም ይቀበራል፤ ዝም ካለ ደግሞ እሷ አታውቀውም። የለመደችውን በረሮ እምቢ ያለች ሸረሪት ፌንጣ ሲሰጣት በመወራጨቱ ብቻ የምትይዘው ጊዜ አለ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የምግብ ዓይነት መቀየር የማይጎዳ ሙከራ ነው።

ለጨቅላዎች የተሻለው መንገድ የተገደለ ምግብ ነው። የትንሽ ፌንጣ አንድ የኋላ እግር ወይም የተቆረጠ የዱቄት ትል ድሯ አጠገብ ማታ ያስቀምጡ፤ ጠዋት ደርቃ የቀረች ድቡልቡል ጥራጊ ካገኙ በልታለች። ካልነካችው ሳይሻግት ያውጡት። ከደጅ የተያዘ ነፍሳት ግን አይስጡ፣ የተባይ መድኃኒት የነካው መሆኑን ማንም አያውቅም።

እምቢ ስትል መቼ ደግሞ ይሞከራል? ለጨቅላ ከ4 እስከ 5 ቀን፣ ለመካከለኛ በ10 ቀን፣ ላደገች ከ2 እስከ 3 ሳምንት። በየቀኑ መሞከር የሚያስተምራት ነገር ቢኖር የሳጥኑ ክዳን ሲከፈት መሸሽ ነው።

ወንዱ፣ እናቲቱ

ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ታራንቱላ ሐሳቡ ሌላ ነው። በመጨረሻው የቆዳ ለውጥ በፊት እግሮቹ ሥር መንጠቆ ያወጣል (መንጠቆ የሌላቸው ዝርያዎችም አሉ)፣ ከአፉ ጎንና ጎን ያሉት አጫጭር እግር መሰል አካላቱ ጫፍ ደግሞ የቦክስ ጓንት እንዳጠለቀ ያብጣል። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሳጥኑን ሲዞር ያድራል፣ ሴት ፍለጋ ነው፤ ምግብ አንዳንዴ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ አይዝም። ሆዱ እያነሰ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት እስከ ዓመት ወይም ትንሽ ዘለግ ላለ ጊዜ ኖሮ ይሞታል፤ የባለቤቱ ጥፋት የለበትም፣ የሚታከምም ነገር አይደለም። ትንንሽ ምግብና ንጹሕ ውሃ ይስጡት።

ከወንድ ጋር ተገናኝታ የነበረች ሴት ደግሞ የእንቁላል ከረጢት ከሠራች በኋላ እሱን አቅፋ ትጾማለች። ዙሪያዋን ይተዉላት።

ውሃ ከምግብ ይቀድማል

ታራንቱላ ያለ ምግብ ወራት ትቆያለች፤ ያለ ውሃ አትቆይም። «የበረሃ ዝርያ ናትና ውሃ አያስፈልጋትም» የሚለው ምክር ገዳይ ነው። ለእያንዳንዷ ያደገች ሸረሪት ጥልቀት የሌለው የውሃ ሳህን ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ይቀመጥ፤ ስፖንጅና ጥጥ አይግባበት፣ ባክቴሪያ ከማራባት በቀር አይጠቅምም። ትሰምጣለች ብለው አይስጉ። ለጨቅላዋ የጠርሙስ ክዳን ወይም ድሯ ላይ በሲሪንጅ የሚንጠባጠብ ጠብታ ይበቃታል።

የውሃ ጉድለት ለምን እግር እንደሚያስጨብጥ ማወቁ ይጠቅማል። ታራንቱላ እግሯን ለማጠፍ ጡንቻ አላት፤ ዋና ዋና መገጣጠሚያዎቿን ለመዘርጋት ግን ጡንቻ የላትም፣ የምትዘረጋቸው የሰውነቷን ፈሳሽ በግፊት ወደ እግሯ በመላክ ነው። ፈሳሹ ሲጎድል ግፊቱ ይወርዳል፣ እግሮቿ በራሳቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ስለዚህ በሆዷ ቆማ እግሮቿ መታጠፍ ከጀመሩ፣ እርምጃዋ ከተንገዳገደና ሆዷ ከተጨማደደ በዚያው ሰዓት ውሃ ይስጧት።

ጥልቀቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ለብ ያለ ውሃ በሰፊ ክዳን ያዘጋጁ። ሸረሪቷን በለስላሳ ብሩሽ ቀስ እያሉ ይግፏት፣ ወይም በወረቀት አንስተው የፊተኛው ክፍሏ ብቻ ውሃው ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። አፏ ከሥሯ፣ ከጥርሶቿ ጀርባ ስለሆነ እዚያ መድረስ አለበት። ሆዷ ግን ከውሃው ውጭ ይቅር፤ ሳንባዎቿ ከሆዷ ሥር ናቸው። እንዲያ እንዳለች አንድ ሰዓት ይተዉአት፣ የተጠማች ሸረሪት ለብዙ ሰዓት አፏን ሳታነሳ ልትጠጣ ትችላለች። መንቀሳቀስ ካልቻለች መርፌ በሌለው ሲሪንጅ አንድ አንድ ጠብታ በጥርሶቿ ሥር መሠረት ላይ ያንጠባጥቡ፤ ጠብታው ሲጠፋ ሌላ ይጨምሩ። እየዳነች ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የፊት እግሮቿ ቀስ ብለው መላቀቃቸው ነው። በእርጥብ ሶፍት በታጨቀ ዝግ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ አየሩን ያርሳል፣ እሷን ግን አያጠጣትም፣ ሲቆይም ሻጋታ ያፈራል።

ችግሩ እውነተኛ ሲሆን

ምግብ ብቻ እምቢ ያለች ሸረሪትና ምግብ እምቢ ብላ ጠባይዋም የተለወጠ ሸረሪት አንድ አይደሉም። በሁለተኛዋ ላይ አፏን ይመርምሩ። መስታወት ላይ ስትወጣ ወይም በጠራ ዕቃ ከሸፈኗት በኋላ ከሥር በባትሪ ይዩ። በጥርሶቿና በአፏ መሀል ነጭ፣ የሚያጣብቅ፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት የሚንቀሳቀስ ነገር ካለና መጥፎ ሽታ ከተከተለው ኒማቶድ የሚባሉት ክር መሰል ትሎች ናቸው። የተያዘችዋ ከውሃ ሳህኗ አትለይም፣ በጣቶቿ ጫፍ እንደቆመች ከፍ ብላ ትራመዳለች፣ ምግብ ትተዋለች። በሪቨርሳይድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታራንቱላን ከሚገድሉት ከእነዚህ ትሎች አንዱን እ.ኤ.አ. በ2022 ለይተው ታራንቶቤለስ ጄፍዳንኤልሲ ብለውታል፤ ስሙ የተወሰደው ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከጄፍ ዳንኤልስ ነው። ትሉ የሚሰፍረው አፏ አካባቢ ስለሆነ ጥርሶቿን ማዘዝ ይሳናታል፣ በመጨረሻ በረሃብ ትሞታለች። የታወቀ ፈውስ የለውም። ሌሎቹን ማዳን ግን ይቻላል፦ ሳጥኗን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱ፣ ወረንጦዋንና የውሃ ሳህኗን ለሌላ አይጠቀሙ፣ እሷን ሁልጊዜ መጨረሻ ይንከባከቡ፣ ትንንሽ ዝንቦች እንዳይመላለሱ ቀዳዳዎቹን በስስ ወንፊት ይሸፍኑ።

በምግብ ትራፊ ላይ የሚርመሰመሱ ነጫጭ ነቁጦች ሲታዩ ብዙ ሰው እንደዚያው ይደነግጣል። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ማይት የሚባሉ ቆሻሻ የሚበሉ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ ትራፊውን ያውጡ፣ አፈሩ ይድረቅ፣ ካልጠፉ አፈሩን ይቀይሩ። መገጣጠሚያዎቿ ላይ ወይም አፏ ዙሪያ ተሰብስበው ከተጣበቁ ግን ጫፉ ቫዝሊን በነካ ቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ ያንሷቸው፤ ቫዝሊኑ ሆዷ ሥር ያሉትን ሳንባዎች እንዳይደፍን ይጠንቀቁ።

አካሄዷ የሚንቀጠቀጥ፣ እግሯ የሚወራጭ፣ ምግቡን ዒላማ የምትስት ከሆነ መርዝ ይጠርጥሩ። በክፍሉ ውስጥ የተረጨ ፀረ ነፍሳት ወይም ለውሻና ለድመት የሚቀባ የቁንጫ መድኃኒት በእጅ ተሸጋግሮ ይደርሳታል። መድኃኒት የለውም፤ ንጹሕ አየር ወዳለበት ክፍል ወስደው አዲስ አፈርና አዲስ ውሃ ይስጧት።

ጥርሷ ተሰብሮ ከሆነ ፌንጣውን አሳድዳ ትወጣበታለች፣ መያዝ ግን ያቅታታል። ለዚህ መላ አለው። ፌንጣ ወይም የዱቄት ትል ጨፍልቀው ውስጡ እስኪወጣ ድረስ በንጹሕ ክዳን ላይ ያድርጉና ማታ አፏ አጠገብ ያስቀምጡት። ታራንቱላ የምትመገበው ፈሳሽ ብቻ ስለሆነ፣ ከተስማማት የምራቋን ፈሳሽ አፍስሳ ትመጠዋለች። ጥርሱ በሚቀጥለው የቆዳ ለውጥ ይተካል።

ስለ ራስዎም አንድ ነገር። የአሜሪካ አህጉር ዝርያዎች የሚበትኑት ጠጉር ዓይን ውስጥ ከገባ ቀልድ አይደለም፤ ሳጥኑን ሲያጸዱ ጓንትና መነጽር ያድርጉ። የእስያና የአፍሪካ ዝርያዎች ይህ ጠጉር የላቸውም፣ በምትኩ ፈጣኖችና መርዛቸው የበረታ ነው። ፖይሲሎቴሪያ ያለችበት ሳጥን ውስጥ ምግብ እምቢ አለች ብሎ እጅ የሚያስገባ ሰው ሌላ ችግር ይጨምራል።

ጾሙን ስትፈታ

አንድ ማታ ትይዘዋለች። ብዙ ጊዜ ከቆዳ ለውጥ በኋላ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ያለ ምንም ምልክት። በደስታ ሌላ ሦስት አይጨምሩላት። የመጀመሪያው ምግብ የሆዷን ግማሽ የሚያህል ይሁን፤ ሙሉ በሙሉ መጥጣ ድቡልቡሉን እስክትጥል ይጠብቁ፣ ጥራጊውን በወረንጦ ያውጡ። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በኋላ ሁለተኛ ይስጡ። ከረጅም ጾም የወጣች ሸረሪት ሆዷ ከጋሻው ጋር እኩል እስኪሆን በየሳምንቱ፣ ከዚያ በኋላ በተለመደው ልክ ትመገብ። የበላችበትን ቀን፣ እምቢ ያለችበትን ቀንና ቆዳ የጣለችበትን ቀን ሳጥኑ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፉ፤ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ስትጾም ወረቀቱን ያነባሉ እንጂ ክዳኑን አይከፍቱም።